ከካፊያ እስከ ዶፍ፦ የዝናብ ዜማ በክራር

ሥራው ይህ ነው። የዝናብን አመጣጥ የሚከተል፣ 4 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ዜማ በባለ 6 አውታር ክራር አውጥቶ እጅ ማስገባት። በነጠላ ጠብታ ይጀምራል፣ ያካፋል፣ ዶፍ ይሆናል፣ ያባራል። መሐሉ ላይ አንድ መንቶ ግጥም ይዜማል፦

ደመናው ሲወርድ ከጉና ተራራ፣
ጉማራ ሰማና ሜዳውን ተጣራ።

ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የደቡብ ጎንደር ተራራ ነው። ጉማራ ከእሱ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ ሜዳው ላይ ገና ጠብ ሳይል ወንዙ ሞልቶ ሊወርድ ይችላል። የዜማው አሠራር የተያዘው ከዚህ ነው፤ የወንዙ ድምፅ ከዶፉ ቀድሞ መሰማት አለበት።

ለአጻጻፍ ያህል፦ 1 ዝቅተኛው አውታር፣ 6 ከፍተኛው ነው። ነጥብ (·) ዝምታ ነው። አንድ ዙር 6 ምት አለው፤ ሜትሮኖሙ (ፍጥነት መቁጠሪያው) በየ3 ምቱ አንዴ ስለሚመታ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይሰማል።

ሰኔ 4፦ አውታር መቀየር

ገበቴው ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ቆዳው የፍየል፣ መቃኛው ቀንበሩ (ከላይ ያለው አግድም እንጨት) ላይ የተሰካ የእንጨት ችንካር ነው። ከብርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ አውታሮቹን ከሚደግፈው እንጨት) ጫፍ እስከ ቀንበሩ ያለው ነጻ የአውታር ርዝመት 50 ሴንቲ ሜትር። ክሩ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን።

ስድስቱንም አውታር ከአንድ ጥቅል ክር መሥራት የተለመደ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለብዙ ዘፈንም ይበቃል። ለዚህ ዜማ ግን አይሆንም። በ1ኛውና በ6ኛው መካከል አንድ ኦክታቭ (የንዝረት ብዛቱ እጥፍ የሆነ ርቀት) ስላለ፣ ውፍረታቸው እኩል ከሆነ የ1ኛው ውጥረት የ6ኛው አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል። የላላ አውታር ሲመቱት ድምፁ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ወዲያው ይወርዳል፣ ሲንቀጠቀጥም ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ጎረቤቱን ይነካል። በዘፈን መሐል ይህ አይታወቅም፤ ዙሪያው ዝምታ የሆነ ነጠላ ጠብታ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ውፍረቱ እንዲህ ተለያየ (የድምፁ ስም፣ በሰከንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት፣ ውፍረት)፦

1ኛ፦ ጂ3፣ 196 ሄርዝ፣ 0.9 ሚሊ ሜትር
2ኛ፦ ኤ3፣ 220 ሄርዝ፣ 0.8
3ኛ፦ ቢ3፣ 247 ሄርዝ፣ 0.7
4ኛ፦ ዲ4፣ 294 ሄርዝ፣ 0.6
5ኛ፦ ኢ4፣ 330 ሄርዝ፣ 0.5
6ኛ፦ ጂ4፣ 392 ሄርዝ፣ 0.5

በዚህ አሰካክ የእያንዳንዱ አውታር ውጥረት ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ነው፤ የስድስቱ ድምር 17 ኪሎ አካባቢ። ከሁሉም የጠነከረው 6ኛው ነው። 0.45 ክር ከተገኘ ከሌሎቹ ጋር ይስተካከላል፣ ካልተገኘ 0.5 ችግር የለውም።

ናይለን ሙልጭ የሚል ክር ነው፤ ተራ ቋጠሮ ይፈታል። ከታች የሚታሰረው ጫፍ ድርብ ቋጠሮ ይደረግና ትርፉ 1 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ጫፉ በክብሪት እሳት ለአፍታ ተለብልቦ እንደ ትንሽ እንክብል እንዲሆን ይደረጋል። ከላይ፣ መቃኛው ላይ፣ 3 ወይም 4 ጥምጥም ይበቃል፤ ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ አይነባበሩ። የተነባበረ ጥምጥም በየምቱ ትንሽ እየሰመጠ ቅኝቱን ያወርዳል፣ ሰውም ጥፋቱን መቃኛው ላይ ይጥላል።

አዲስ ናይለን ለተወሰኑ ቀናት መርዘሙን አያቆምም። መሐሉን በጣት ይዞ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ቀስ ብሎ መሳብ፣ መልሶ መቃኘት፣ እንደገና መሳብ። ከተሳበ በኋላ ቅኝቱ የማይወርድ ሲሆን ለልምምድ ደርሷል።

ሰኔ 6፦ የትኛው ቅኝት?

ክራር እንደ ጊታር ጣት ተጭኖ የድምፅ ከፍታ የሚለወጥበት መሣሪያ አይደለም፤ የተቃኘው 5 ድምፅና የመጀመሪያው ኦክታቭ ብቻ ነው ያለው። ቅኝት መምረጥ ማለት ዜማው ውስጥ ምን ምን ሊሰማ እንደሚችል አስቀድሞ መወሰን ነው።

ከጂ ተነሥተው የታዩት እነዚህ ናቸው። ትዝታ ሜጀር፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ባቲ ሜጀር፦ ጂ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ። አምባሰል፦ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት።

አምባሰል ለደመናው ክፍል በጣም የሚያጓጓ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች በግማሽ ቶን ብቻ ስለሚራራቁ ገና ሲነኩ ሰማዩ ይከብዳል። ችግሩ የሚመጣው ካፊያው ላይ ነው። ካፊያው ሁሉም አውታር ሳይታፈን፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሳፈፈ እንዲቆይ ይፈልጋል። 196 ሄርዝ እና 208 ሄርዝ አብረው ሲቆዩ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይማታሉ፤ ጆሮ የሚሰማው ሻካራ ንዝረት ነው። ያንን ለማስቀረት ጣት አንዱን እያፈነ መሄድ አለበት፣ ካፈነ ደግሞ ካፊያው ይደርቃል። ባቲ ሜጀርም ከቢ ወደ ሲ፣ ከኤፍ ሻርፕ ወደ ጂ ሁለት ግማሽ ቶን አለው። ትዝታ ሜጀር አንድም የለውም፤ ስድስቱ አውታር በአንድ ላይ ቢለቀቁ እንኳ አይጣሉም።

ትዝታ ሜጀር ተያዘ። ትዝታ ሲባል የሚጠበቀው የሐዘን ስሜት እንዳይጫነው መጠንቀቅ የአጨዋወት ጉዳይ ነው፤ በዚህ ፍጥነትና በ6 ምት ዙር ላይ ብዙም አያስቸግርም።

ሰኔ 7፦ ያለ አፕ መቃኘት

ስልክ ላይ ያለው መቃኛ አፕ ለ1ኛው አውታር ብቻ ይበቃል። ሌሎቹን እርስ በርስ በሃርሞኒክ ማሰር ይሻላል፤ አውታሩን ሳይጫኑ በአንድ እጅ ጣት ዳሰስ አድርጎ በሌላው እጅ መምታትና ጣቱን ወዲያው ማንሣት። 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ግማሹ 25፣ አንድ ሦስተኛው 16.7፣ አንድ አራተኛው 12.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገኛል። ቀንበሩ ላይ ሳይሆን ከብርኩማው ጀምሮ ይለካ፤ እዚያ በኩል እጅ ስለሚቀል።

የ1ኛው ግማሽ ከ6ኛው ባዶ ድምፅ ጋር አንድ መሆን አለበት።
የ1ኛው ሦስተኛ ከ4ኛው ግማሽ ጋር።
የ4ኛው ሦስተኛ ከ2ኛው አራተኛ ጋር።
የ2ኛው ሦስተኛ ከ5ኛው ግማሽ ጋር።
የ5ኛው ሦስተኛ ከ3ኛው አራተኛ ጋር።

ሁለቱ ድምፆች ሲማቱ የሚሰማው መወዛወዝ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ሲጠፋ ተቃኝቷል። በመጨረሻ 3ኛው አውታር አፑ ላይ 8 ሴንት (ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው) ያህል፣ 5ኛው ደግሞ 6 ሴንት ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ አፑ የሚለካው በፒያኖ እኩል ክፍፍል ሲሆን እዚህ የተቃኘው በንጹሕ አምስተኛ (የንዝረት ብዛታቸው 3 ለ2 በሆነ ድምፆች) ነው። 3ኛው በጣም ብሩህ ሆኖ ጆሮ ከጎረበጠ በጥቂቱ ማውረድ ይቻላል። ሌሎቹን ግን አለመንካት።

ድምፁ ለዘፋኙ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ሁሉም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ሁለት ግማሽ ቶን ከፍ ማድረግ ውጥረቱን 26 በመቶ ይጨምራል፤ አውታሮቹ ይችሉታል፣ ቀጭን ወይም ያረጀ ቆዳ ግን ላይችለው ይችላል።

ሰኔ 11፦ የጣት ድልድል

በድርድር አጨዋወት የግራ እጅ ከአውታሮቹ ጀርባ ገብቶ በየጣቱ ይመታል። አውታር 6፣ ጣት 5 ስለሆነ አንዱ ጣት ሁለት ይይዛል። እዚህ ድልድሉ፦ አውራ ጣት 6ኛና 5ኛ፣ ጠቋሚ 4ኛ፣ መሐል ጣት 3ኛ፣ ቀለበት ጣት 2ኛ፣ ትንሿ ጣት 1ኛ። ክራር ሠሪው አውታሮቹን በተቃራኒ ከደረደራቸው ድልድሉ ይገለበጣል፤ ዋናው ነገር ሁለት አውታር የሚይዘው አውራ ጣት መሆኑ ነው።

ትንሿ ጣት በጣም ወፍራሙን አውታር መያዟ ለጀማሪ አይመችም። 1ኛው ሁልጊዜ ደክሞ ይሰማል። ጣቷን ብቻ ማጠንከር መፍትሔ አይሆንም። የእጅ አንጓ ትንሽ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ሲያዘነብል ጣቷ ከጫፏ ሳይሆን ከሥሯ ትንቀሳቀሳለች፣ ጉልበት የምታገኘውም ያኔ ነው። ጥፍር በጣም ረዝሞ ከሆነ ናይለኑ ላይ ይንሸራተታል፣ በጣም አጥሮ ከሆነም ድምፁ ይደፈናል፤ ከጣቱ ሥጋ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ያለ ይበቃል።

ሰኔ 16፦ ጠብታ

ፍጥነት 60 (ሜትሮኖሙ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ)። ይህ ክፍል 24 ዙር ነው፤ ከታች ያለው 8 ዙር ሦስት ጊዜ ይደገማል፦

6 · · · · 4 | · 5 · · · ·
· · 3 · · · | 6 · · · 5 ·
· · · · 4 · | · · · · · ·
6 5 · · · · | · · 3 · · ·

ለዓይን ቀላል ነው፣ ለመጫወት ግን ከዶፉ ይከብዳል። ሦስተኛው መስመር ላይ በ12 ምት ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ አለ፤ እጅ ሥራ ሲፈታ ይቸኩላል፣ ቀጣዩ ጠብታ ቀድሞ ይወድቃል። የሚያዋጣው በዝምታው ውስጥ ምቶቹን በአፍ መቁጠር ነው፤ በእግር መምታት ቀረጻ ላይ ይሰማል። ሜትሮኖሙ መጀመሪያ በየ3 ምቱ፣ ከዚያ በየ6ቱ፣ በመጨረሻ በየ12ቱ አንዴ ብቻ እንዲመታ ይደረጋል። በ12 አንዴ እየመታ ጠብታዎቹ ቦታቸውን ካልሳቱ ክፍሉ ተይዟል።

አራተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ 6 እና 5 ተከታትለው በአውራ ጣት ናቸው። ሁለት ምት መምታት ሳይሆን አንድ ጉተታ ነው፤ ጣቱ ከ6ኛው ተንሸራቶ 5ኛው ላይ ያርፍና ከዚያ ይለቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዝናቡ ዝናብ የሚመስለው አውታሩ ከተመታ በኋላ በሚሆነው ነው። በመጀመሪያው 8 ዙር እያንዳንዱ ድምፅ ከአንድ ምት በኋላ በዚያው ጣት ይታፈናል፦ ደረቅ አፈር ላይ የወደቀ ጠብታ ተመጥጦ ይቀራል። በሁለተኛው 8 ዙር 6ኛው ብቻ ይለቀቃል። በሦስተኛው ምንም አይታፈንም፤ መሬቱ ውኃ መያዝ ጀምሯል። የሚጫወተው ኖታ ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። ብዙ ተጫዋች ዝናብን በፍጥነትና በብዛት ሊያሳይ ይሞክራል፤ ከዚያ ዶፉ ሲደርስ የሚጨምረው ነገር ያጣል።

የመምቻ ቦታም ይለያያል። ከብርኩማው 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀጭንና ሹል፣ ወደ መሐል ሲጠጋ ክብ ድምፅ ይወጣል። ደረቁ ጠብታ ወደ ብርኩማው፣ ርጥቡ ወደ መሐል።

ሰኔ 23፦ ካፊያ

መጀመሪያ የታሰበው ዙር 1 3 5 6 5 3 ነበር። ዜማው ደስ ይላል፣ ድልድሉ ግን አይፈቅድም፦ 5፣ 6፣ 5 ሦስቱም በአውራ ጣት ተከታትለው ስለሚመጡ ከ80 በላይ ዙሩ ይንተባተባል። የተተካው፦

1 3 5 2 4 6

ትንሿ፣ መሐል፣ አውራ፣ ቀለበት፣ ጠቋሚ፣ አውራ። አንድም ጣት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አይመጣም፤ አውራ ጣትም በ3ኛውና በ6ኛው ምት ላይ እኩል ተራርቆ ይወድቃል። ድምፁ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ዝናብ ወደ ላይ ስለማይወጣ በየአራተኛው ዙር ይገለበጣል፦

6 4 2 5 3 1

መገናኛው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቀጥታው በ6 አልቆ የተገለበጠው በ6 ይጀምራል፤ አውራ ጣት አሁንም ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። ከመገልበጡ በፊት ያለው ዙር የመጨረሻ 6 በዝምታ ይታለፋል፦ 1 3 5 2 4 ·። በተመሳሳይ የተገለበጠው ዙር መጨረሻ 1 ዝም ይላል። የተፈጠሩት ክፍተቶች ሳይታሰብ ጥሩ ሆኑ፤ ካፊያ ሳይቋረጥ እኩል አይወርድም።

ፍጥነቱ ከ60 ተነሥቶ በ30 ዙር ውስጥ 88 ይደርሳል። በልምምድ ጊዜ ፍጥነቱን በ4 እየጨመሩ መውጣት፤ አንዱ እርከን ላይ ስድስቱም ድምፅ በእኩል ጉልበት ካልተሰሙ ወደ ቀጣዩ አለመሄድ። እኩል መሆናቸውን ማወቂያው ቀረጻ ነው እንጂ ክራሩን ታቅፎ መስማት አይደለም፤ ወደ ሰውነት የቀረበው አውታር ሁልጊዜ ጎልቶ ይሰማል።

ሐምሌ 1፦ ቆዳው ላላ

ክረምቱ ገባ። ጠዋት ስድስቱም አውታር አብረው ወርደዋል፣ ድምፁም ደፍኗል። አንድ አውታር ብቻ ከወረደ ጥፋቱ ቋጠሮው ወይም መቃኛው ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ከወረዱ ግን ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ረግቧል፤ ብርኩማው ከቆዳው ጋር ስለሚሰምጥ ውጥረቱ ከሁሉም ይቀንሳል።

በዚህ ጊዜ መቃኛ አለመንካት። እርጥብ ቆዳ ላይ አውታሮቹን ወደ ላይ የቃኘ ሰው፣ ከሰዓት ፀሐይ ወጥታ ቆዳው ሲደርቅ ቅኝቱ ከልኩ አልፎ ሲወጣ ያገኘዋል፤ ቆዳው ያረጀ ከሆነም በብርኩማው እግር ሥር ይቀደዳል። ክራሩ ለብ ባለ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከሰል ካለ ከፍሙ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ፣ ቆዳውን ወደ ፍሙ መልሶ፣ እጅን ቆዳው ላይ እያሳረፉ ማሞቅ፤ እጅ ካቃጠለው ቆዳውንም ያቃጥለዋል። ከበሮ የሚያሞቅ ሰው ይህን ያውቀዋል፣ ልዩነቱ የክራር ቆዳ ስስ መሆኑና ናይለኑም ሙቀት አለመውደዱ ነው። ቆዳው ሲመለስ አብዛኛው ቅኝት ራሱ ይመለሳል፤ የቀረችው ትንሽ ናት።

ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብርኩማው ይንሸራተታል። 1 ሴንቲ ሜትር መንሸራተት የ35 ሴንት ለውጥ ነው፤ የሃርሞኒኮቹ ቦታም አብሮ ይዛወራል። የብርኩማው እግሮች ያረፉበት ቦታ ቆዳው ላይ በእርሳስ ይሰመር።

ሐምሌ 6፦ ዶፍ

እዚህ አጨዋወቱ ከድርድር ወደ ግርፍ ይለወጣል። ቀኝ እጅ መምቻ ይዞ ስድስቱንም አውታር ይገርፋል። የግራ ጣቶች ከጀርባ አውታሮቹ ላይ አርፈው ያፍናሉ፣ መሰማት ያለበትን ብቻ ጣት በማንሣት ይለቁታል። የታፈኑት አውታሮች ድምፅ አልባ አይደሉም፤ ደረቅ ኮሽታ ያወጣሉ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዶፍ የሚመጣውም ከዚህ ኮሽታ ነው። የሚለቀቁት ጥንዶች በውስጡ እንደ ፍሳሽ ያልፋሉ።

የግርፉ ዙር፦ ወደ ታች፣ ·፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ·፣ ወደ ላይ። በልምምድ ጊዜ ከ70 ጀምሮ 112 እስኪደርስ።

የሚለቀቁት ጥንዶች በየዙሩ፦ 1 እና 4፣ 2 እና 4፣ 1 እና 3፣ 5 እና 6። 2 እና 5 ይበልጥ ያምር ነበር፣ ንጹሕ አምስተኛ ነው፤ ግን አውራ ጣት 5ኛውን ለቆ 6ኛውን ማፈን አለበት፣ በዚህ ፍጥነት ደግሞ ጣቱን ማዘንበል አስተማማኝ አይደለም። 5 እና 6 አብረው ሲለቀቁ ጣቱ በሙሉ ይነሣል፤ አይሳሳትም።

በዚህ ክፍል በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ኮሽታው ውስጥ ያልተጠራ ቀጭን ፉጨት መሰማቱ ነው። ምክንያቱ የግራ ጣቶች በአውታሩ ግማሽ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ማረፋቸው ነው፤ ማፈን ሲገባቸው ሃርሞኒክ ይሰጣሉ። ወደ 22 ወይም 23 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በጣት ጫፍ ሳይሆን በሥጋው ሰፋ አድርጎ መንካት ያጠፋዋል። አንዱ አውታር ብቻ ካፏጨ ያ ጣት ከሌሎቹ ተለይቶ ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

መምቻው ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ነው። ወፍራም መምቻ በ112 ፍጥነት አውታር ውስጥ ይጠላለፋል። ዶፍ ነው ብሎ ክንድን መጠቀም አያስፈልግም፤ ግርፉ ከእጅ አንጓ ነው፣ መምቻውም ከአውታሩ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አይገባም። ጠንክሮ የተገረፈ ክራር ጎልቶ አይሰማም፤ ይዛባል፣ 0.9 አውታርም ቆዳውን ይመታል።

ሐምሌ 9፦ ነጎድጓድ

ከበገና መዋስ ተሞከረ። በገና ያንን የሚያጉረመርም ድምፅ የሚያገኘው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገባው እንዚራ ከሚባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ቆዳ ከ1ኛው አውታር ሥር ሲገባ ክራሩም በእርግጥ ያጉረመርማል። ግን 1ኛው አውታር በካፊያውም ስላለ እዚያም ያጉረመርማል፤ በጨዋታ መሐል ቆዳውን ማስገባትና ማውጣት ደግሞ አይቻልም። የናይለን ውጥረትም ለዚህ ትንሽ ይጠነክራል፤ ቆዳው ቦታ እየለቀቀ ንዝረቱ ይመጣል ይጠፋል። ተወው።

የተያዘው መላ፦ ከዶፉ አጋማሽ ላይ፣ ዙሩ ሲጀምር፣ መምቻውን የያዘው ቀኝ እጅ በመዳፉ ሥር ቆዳውን ከታችኛው ጠርዝ በኩል አንዴ ይመታል፣ ግራ እጅ ስድስቱንም ይለቃል። አውታሮቹ በምቱ ብቻ ተነሣሥተው ያስተጋባሉ። ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ሦስተኛው ካለ ከበሮ ይሆናል። ቆዳው ርጥብ ከሆነ ይህ ምት አይሠራም።

ሐምሌ 15፦ ግጥሙ

ግጥሙ የወል ቤት ነው፣ 6 እና 6 ቀለም። እያንዳንዱ ሐረግ ሁለት ዙር ይወስዳል፦ 6ቱ ቀለም በ12 ምት ላይ፣ የመጨረሻው ቀለም ረዘም ብሎ። ዜማው፦

ደመናው ሲወርድ፦ 4 4 5 6 5 4
ከጉና ተራራ፦ 4 5 4 3 2 3
ጉማራ ሰማና፦ 4 5 6 6 5 4
ሜዳውን ተጣራ፦ 3 4 3 2 2 1

ድምፅና ክራር ይህን አብረው ከተጫወቱ ሁለቱም ይጠባሉ። ሲዘፈን ክራሩ ካፊያውን በዝግታ ይቀጥላል፤ መስመሩ ሲያልቅ ለ4 ዙር ዜማውን መልሶ ይመልሳል። መንቶው ከነመልሱ 16 ዙር ነው፣ ሁለት ጊዜ ይዘፈናል።

መንቶው ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘፈን፣ «ጉማራ» ሲባል፣ 1ኛው አውታር በየዙሩ መጀመሪያ ላይ ጎላ ብሎ ይገባና እስከ ዶፉ አይወጣም። ወንዙ ነው። «ተጣራ» ራሱ 1 ላይ ስለሚያርፍ ዘፋኙና አውታሩ እዚያ ይገናኛሉ። ቅኝቱ 5 ሴንት እንኳ ከተዛባ የሚሰማው እዚህ ስለሆነ፣ ከዘፈን በፊት 1ኛውና 6ኛው ይፈተሹ።

ሐምሌ 21፦ መሸጋገሪያዎቹ

ክፍሎቹ ለየብቻ ተይዘው ሲያያዙ የሚሰበረው ከግጥሙ ወደ ዶፉ ያለው ነው። ግራ እጅ ከመምታት ወደ ማፈን በአንድ ጊዜ ሲዞር ቀዳዳ ይፈጠራል። በ4 ዙር ተከፋፈለ። በመጀመሪያው ዙር ግራ እጅ ካፊያውን ሲቀጥል መምቻው 1ኛውን ብቻ በመጀመሪያ ምት ይነካል። በሁለተኛው በመጀመሪያና በአራተኛ ምት። በሦስተኛው ግራ እጅ 1 3 5 ብቻ መትቶ በቀሪው ሦስት ምት አውታሮቹ ላይ ያርፋል፣ መምቻው ግማሹን ዙር ይገርፋል። በአራተኛው ሙሉ ግርፍ። ፍጥነቱም በእነዚህ 4 ዙሮች ከ88 ወደ 112 ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ከተነሣ ግራ እጅ አይደርስም።

ማባሪያው 20 ዙር ነው፣ ፍጥነት 60። የጠብታው ክፍል እንዳለ አይደገምም። በ6 እና በ5 ቦታ የ1ኛና የ2ኛ አውታር ግማሽ ሃርሞኒክ ይገባል፦ ግራ ጠቋሚ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ዳሰስ፣ ቀኝ አውራ ጣት ከብርኩማው 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ይመታል። የ1ኛው ሃርሞኒክ ከ6ኛው ጋር አንድ ከፍታ ቢሆንም መልኩ ይለያል፤ ከጣሪያ ጫፍ የሚንጠባጠብ እንጂ ከሰማይ የሚወርድ አይመስልም። መምቻው ከዚህ በፊት መቀመጥ አለበት፤ ከነጎድጓዱ በኋላ ባለው የመጨረሻ 2 ዙር ግርፉ በአውራ ጣት ይሆናል፣ መምቻውም ጭን ላይ ይቀራል።

ሐምሌ 28፦ ቀረጻ

ማይክ ከቆዳው 40 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ብርኩማው ሳይሆን ወደ ገበቴው ጠርዝ የዞረ። ብርኩማው ፊት ለፊት ከተቀመጠ የመምቻው ኮሽታ ሁሉን ይውጣል። የድምፅ መጠኑ የሚስተካከለው በነጎድጓዱ ምት ነው፤ በጠብታው ከተስተካከለ ምቱ ይሰነጥቀዋል። በጠብታውና በነጎድጓዱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ጠብታው ሲሰማ ያነሰ ይመስላል። አንሶ ይቆይ፤ በኋላ በማሽን አስተካክሎ ማቀራረብ ዶፉን ከንቱ ያደርገዋል።

ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ካለው እውነተኛው ዝናብ ሳይጀምር ጠዋት ይቀረጽ። ሁለቱ ዝናብ አብረው ሲሰሙ የክራሩ ኮሽታ ይጠፋል፤ ተሞክሮ ታይቷል።

ከቀረጻው የተገኘ፦ ካፊያው ላይ 2ኛው አውታር አሁንም ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ የቀለበት ጣት ጥፍር ይስተካከል። ዶፉ 56 ዙር ሆኖ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚያ በላይ አይሸከምም። 6ኛው አውታር ብርኩማው ላይ የሚያርፍበት ቦታ መላላጥ ስለ ጀመረ ከቀጣዩ ቀረጻ በፊት ይቀየራል፤ ያን ጊዜ 0.45 ይሞከራል።